የበርኒስ ወንበር

በዚያ ዓመት በረዶው ከገና በፊት ጀመረና አላባራም። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ፊት ይገርፋል። የውኃ ቧንቧዎች ፈነዱ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ማሞቂያቸው የተበላሸባቸው አንድ አዛውንት ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት በረዶ ጠራጊ መኪና ይልካል፤ ጠራጊው ግን መሐል መንገዱን ያጸዳና በረዶውን ዳር በቆሙት መኪኖች ላይ ይከምረዋል። ነዋሪው በየጠዋቱ አካፋ ይዞ እየወጣ የራሱን መኪና ይፈልግ ነበር።

አንሴልም ፒያኖ ቃኚ ነው፤ የመጣው ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጠራውና ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ መጣ። ይዞት የመጣው ዕቃ መቃኛ መሣሪያዎቹና ሚስቱ ትወዳቸው የነበሩ ሁለት የተቀረጹ የእንጨት ወንበሮች ነበሩ። አንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ላይ ማንም አይቀመጥም።

በዚያ የመጀመሪያ ብርድ ሳንባውን ታሞ ተኛ። የጎረቤቱ ሚስት በርኒስ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ። በሁለት እጇ ትኩስ የመስታወት ሳህን ይዛለች።

«ብላ፣ ማሬ።»

«ምንድን ነው ይሄ፣ ወይዘሮ በርኒስ?»

«ምግብ ነዋ!»

«ከላይ የተነሰነሰው ማለቴ ነው።»

«የድንች ቺፕስ። ከስክሼ በተንኩበት።»

«ፓስታ ላይ? ያውም ከዓሣ ጋር?»

«ሰውዬ፣ ልትሞት ነው፤ አሁንም ታማርጣለህ? ዋጥ አድርገው! ደግሞ ወይዘሮ አትበለኝ። አውቶቡሴ ላይ የሚሳፈሩት ሕፃናት እንኳ በርኒስ ነው የሚሉኝ።»

እሷ ስትወጣ ለይሉኝታ ያህል አንድ ሹካ ቀመሰ። ሲመሽ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨርሶት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ተሽሎት የወጣ ዕለት መኪናው ከበረዶው ውስጥ ተዝቆ፣ መስታወቱ ሳይቀር ተጠርጎ አገኘው። ማዘጋጃ ቤቱ መሆን አለበት፤ ግብር የሚከፈለው ለዚህ ነው፣ አለ በልቡ። ዳቦ ፍለጋ ሄደ። በዚያ ከተማ የሚሸጠው ዳቦ እንደ ትራስ ይታጠፋል፤ ቅርፊት ያለው ለማግኘት ሩቅ መንዳት ነበረበት። ሲመለስ መኪናውን ያቆመበት ቦታ ላይ አንዲት አሮጌ ቢጫ የወጥ ቤት ወንበር ቆማለች። አንዱ እግሯ በሽቦ ታስሯል። አንሴልም ከመኪናው ወረደና አነሳት፤ ጓሮ በኩል ቆሻሻ የሚጭነው መኪና እየመጣ ነበርና ለሠራተኞቹ ሰጣቸው። መኪናው ዓይኑ እያየ ፈጫት። ለመንደሩ ደህና ነገር የሠራ መስሎት እጁን እያራገፈ ተመለሰ።

ከእሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው ጣሪያ ሠሪው ማኒ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። አንሴልምን በፈረንሳይኛ «ሙሴ»፣ አቶ፣ እያለ ነው የሚጠራው።

«ሙሴ፣ ወንበሯን የት አደረስካት?»

«ቆሻሻ ናት። ጣልኳት።»

ማኒ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ አስረዳው። በዚህ ሰፈር በረዶ የዛቀ ሰው ቦታው የእሱ ነው። ሲሄድ ወንበር ያስቀምጥበታል። ወንበሩን የነካ ሰው ጠዋት ጎማው ተንፍሶ ያገኘዋል።

«የማን ሕግ ነው ይሄ?»

«የወንበር ሕግ።»

«መንገድ የሕዝብ ነው!»

«መንገዱስ የሕዝብ ነው፤ ወንበሯ ግን የበርኒስ ነበረች። መኪናህንም የዛቀችው እሷ ናት፤ ሌሊት ተነስታ፣ ወደ አውቶቡሷ ሳትሄድ። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ደግሞ ቦታህን እንዳይወስዱብህ የራሷን ወንበር አቆመችልህ። የእናቷን ወንበር፣ ሙሴ።»

አንሴልም ባርኔጣውን አውልቆ የበርኒስን በር አንኳኳ። የተጠና ይቅርታ ይዞ ነበር። አላስጨረሰችውም።

«ወንበር እኮ ነው፣ ማሬ። ሰው አልጣልክም!» ብላ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ሸኘችው።

የጎዳው ይህ ነው። በአገሩ የተበደለ ሰው በሩን ይዘጋብሃል፤ አንተም አበባ ይዘህ ትመላለሳለህ፣ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። የበርኒስ በር ግን አልተዘጋም። ያልተዘጋ በር ደግሞ እንዴት ይከፈታል? አንሴልም ይህን ዕዳ ሳይከፍል ከዚህ ከተማ እንደማይሄድ ለራሱ ቃል ገባ።

አዲስ ወንበር ገዝቶ ወሰደላት። «ይቺማ ለመንገድ ታሳዝናለች» ብላ ሳሎን አስገባቻትና ድመቷን አስተኛችባት። መንገድ ላይ ነፋስ የሚያንከባልለውን በባሕር ዳርቻ የሚዘረጋ ታጣፊ ወንበር ማቆም ጀመረች።

ከባሏ ከሬይ ጋር እራት ጠራት። የጠራቸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። እነሱ ግን እንደ ልማዳቸው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በልተው ነበር የመጡት። ሬይ ሾርባው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አንሴልም በስንት መከራ ያስመጣውን፣ ሲሸት የሚወደድ የአገሩን አይብ ሊያቀርብ ወደ ማድ ቤት ቢገባ አይቡ የለም። በርኒስ በጆሮው ሹክ አለችው።

«ተበላሽቶብህ ነበር፣ ማሬ፤ ቤቱን ሁሉ አገማው። ሬይ ሳያይ በናፕኪን ጠቅልዬ ጣልኩልህ።»

አንሴልም ዓይኑን ጨፈነ። «አመሰግናለሁ» አለ።

የእራቱን ብድር ልመልስ ብላ በኅዳር ለምስጋና ቀን ጠራችው። ዕዳው ባሰ። ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ የሕፃን አልጋ ያህል ነበር። አጠገቡ ስኳር ድንች፣ ስኳር ድንቹ ላይ ደግሞ በእሳት የጠቆረ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ተደርድሯል።

«ይሄ ዋና ምግብ ነው ወይስ ጣፋጭ?» ሲል ሬይን ጠየቀ።

«አዎ» አለ ሬይ።

ከመብላታቸው በፊት እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን ነገር በየተራ ይናገራል። አንሴልም ልቡን በሰው ፊት መግለጥ አልለመደም። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ስኳር ድንቹ» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሁለቴ ጨመረ። ማታ የተረፈውን በሦስት ዕቃ አስይዛ ሰደደችው።

ትንሽ የተባለው ጊዜ ዓመታት ሆነ። አንሴልም አልተመለሰም፤ ማማረሩንም አልተወም። ውጭው በበረዶ ተዘግቶ ሳለ ብርጭቆህን በበረዶ ይሞሉልሃል። አስተናጋጁ ሳትውጥ ሳህንህን ያነሳል። ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀህ ሰው መልስህን ሳይሰማ መንገዱን ተሻግሯል። ፒዛቸው ገንዳ ነው፤ ሹካ ሳይሆን አካፋ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በርኒስ አውቶቡሷን ለማስነሳት ስትወጣ ይነግራታል፤ እሷም ትስቃለች። በየብርዱ ደግሞ ቀድሟት ተነስቶ የእሷን መኪና ሊዝቅ ይሞክራል። አንድም ጊዜ አልቀደማትም። ወጥቶ ሲያይ የእሱም ተዝቋል።

ከዚያ እንደ መጀመሪያው ያለ ክፉ ብርድ መጣ። ሬይ በረዶ አንሸራትቶት ዳሌው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ከአሜሪካ እግር ኳስ የዋንጫ እሁድ ጋር ገጠመ። ቅዱስ የማይታሰብበት፣ ግን አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ሆኖ ከቅዳሴ በላይ የሚያከብረው በዓል ነው። ከየዳርቻው ዘመድ ወዳጅ ቢራውን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይገባል፤ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። በርኒስ ማልዳ ከደጃፏ ፊት ያለውን ቦታ እስከ አስፋልቱ ዝቃ፣ ታጣፊ ወንበሯን አቁማ ሄደች።

አንሴልም በመስኮት ያይ ነበር። ከቀትር በኋላ በረዶ ጠራጊው መጣ። ወንበሯን ጠልፎ እየጎተተ ወሰዳት። ቦታው ባዶ ቀረ። የእንግዶቹ መኪኖች መንገዱን ደጋግመው ይዞሩታል። ቦታው ከተያዘ በርኒስ የምታቆመው ከሰፈሩ ማዶ ነው፤ ሬይ ደግሞ በዚያ በረዶ ላይ፣ በዚያ ዳሌ፣ አንድ እርምጃ አይራመድም።

አንሴልም ዞሮ ክፍሉን አየ። አዲስ ወንበር የሚገዛበት ጊዜ የለም። እሱ የሚቀመጥበት ወንበር እግር በብርዱ ላልቶ ሙጫው ገና አልደረቀም። ሁለተኛው ቀረ። ማንም የማይቀመጥበት። ቆሞ አየው። ከዚያ ካፖርቱን ለበሰ፣ የእሁድ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ወረደ።

በረዶው ላይ አቁሞት ገና ሳይመለስ አንድ ትልቅ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ወጣቱ ሾፌር ወረደና የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። አንሴልም ፈጠን ብሎ ተቀመጠበት።

«አባባ፣ ይነሱ፤ ላቆም ነው።»

«ቦታው ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ወንበሩ።»

«እንዴ! መንገድ እኮ የሕዝብ ነው!»

አንሴልም ይህን ንግግር ያውቀዋል። «ከየት ነህ፣ ልጄ?»

«ከናፐርቪል፣ እዚሁ ከከተማው ዳር።»

«ያስታውቃል። እንግዳ ነህ። እዚህ ሕግ አለ።»

«የምን ሕግ?»

«የወንበር ሕግ።»

ልጁ ጡሩምባውን አስጮኸ። አንሴልም እግሩን አነባበረ። ማኒ ከደረጃው፣ «ጎማህን የምትወዳት ከሆነ ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ፒክአፑ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ።

በረዶ መጣል ጀመረ። ከየቤቱ ጩኸት ይፈነዳል። ማኒ በሳህን በሚያቃጥል ስጎ የተለወሰ የዶሮ ክንፍ ይዞ መጣ።

«ግባ፣ ሙሴ፤ እኔ ልቀመጥ።»

«ዕዳው የኔ ነው።»

«እንግዲያስ ብላ።»

አንሴልም ጓንቱን አውልቆ በጣቱ በላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ምግብ አይደለም፤ ቅጣት ነው።»

«ሌላ ላምጣ?»

«አምጣ።»

ሊመሽ ሲል የበርኒስ መኪና መጣ። መስታወቷን አወረደች። ባርኔጣውና ትከሻው በረዶ ለብሷል፤ ጢሙ ቀይ ስጎ ነው።

«ሙሴ! ምን ትሠራለህ?»

«አየር እየወሰድኩ ነው።»

ከኋላ ወንበር የሬይ ድምፅ መጣ። «ቦታችንን ሰው ይዞታል እንዴ?»

«ሙሴ ይዞታል።»

«መኪናውስ?»

«ያለ መኪና ነው የያዘው። አርፈህ ተቀመጥ!»

አንሴልም ሊነሳ ቢል ጉልበቱ አልታጠፍ፣ አልዘረጋ አለው። ማኒ በብብቱ ይዞ አነሳው። በርኒስ መኪናዋን አስገባች። ሬይን አውርደው የአንሴልም ሚስት ወንበር ላይ አስቀመጡትና ማኒ ከፊት፣ አንሴልምና በርኒስ ከኋላ ሆነው ደረጃውን ተሸክመውት ወጡ። ሬይ ከላይ ሆኖ እንደ ጳጳስ በእጁ መንደሩን ባረከ።

ሳሎን አደረሱት። ማኒ ወደ ጨዋታው ሮጠ። በርኒስ ትንፋሿን እየሰበሰበች ወንበሩን አየችው። ቅርጹን በጣቷ ነካችው። የእንጨቱ እግር ጨው ነክቶት ነጣ ብሏል።

«የባለቤትህ ናት አይደል? ማንም የማይቀመጥባት።»

«ናት።»

«በረዶ ላይ አቆምካት?»

አንሴልም ባርኔጣውን አወለቀ። ስንት ዓመት እርስዎ ሲላት፣ እሷም ተው ስትለው ኖረዋል።

«በእናትሽ ወንበር ምትክ ነው» አላት።

በርኒስ ቀና ብላ አየችው። ፊቷን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«በቃ» አለችው። «ከእንግዲህ ምንም የለብህም።»