እጁን ያላነሳባቸው ቀናት

እህቱ በጋራዡ በር ሮጣ ስትገባ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ባሏ ከኋላ ደረሰባት። ጸጉሯን ጨብጦ አዞራትና በጥፊ አላጋት። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የነበሩት መዶሻዎች ሁሉ ዝም አሉ።

«ወንድሜ!» አለች።

ወንድሟ ቡጢ የሚሉት ሰው ነው። ተጋጭቶ የተጨማደደ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃና ባቲላሜራ ነው፤ ቅጽል ስሙ ግን ከሥራው የመጣ አይደለም። በወጣትነቱ የአንድ ሰው መንጋጋ በአንድ ምት አውልቆ ሁለት ዓመት ታስሯል። እስረኛ ለመጠየቅ የሚመላለሱ አንድ ካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመለሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከቅዳሴ፣ ቅዳሜ ከኑዛዜ ቀርቶ አያውቅም። ቁጣው ሲመጣበት መቁጠሪያውን ቀኝ እጁ ላይ እንደ ፋሻ ይጠመጥመዋል፤ ያን ጊዜ ባልደረቦቹ ገለል ይሉለታል። ሰው ሳይመታ ለዋለበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ ከመሣሪያ ጠረጴዛው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ከሺህ አልፏል። አባ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ መቁጠሩን ተው፤ መቁጠር ሰይጣንም ያውቅበታል» ብለውት ነበር። እሱ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ግድግዳውን ወዶታል።

አሁንም መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ላይ ጠመጠመ።

ባልየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ክንዱ ሸክም የለመደ ነው። ቀበቶውን ከወገቡ መዥርጦ በዘለበቱ በኩል ትከሻዋ ላይ አሳረፈው።

«ቤቴን ጥለሽ የት ልትደርሺ ነው? በይ፣ ለዚህ ለጻድቁ ንገሪው!»

ነግራዋለች እኮ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳይታዋለች። ከክርኗ እስከ ብብቷ በልዞ ነበር። እሱ ምን አላት? «ቻይው እህቴ፤ ትዳር መስቀል ነው። ጌታም መስቀሉን አልጣለም። እኔ ዘጠኝ ቀን እጸልይልሻለሁ።» እሷም እጅጌዋን አውርዳ ሄደች። ጸሎቱን እንኳ አላጓደለም፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

«እመቤቴ ማርያም ሆይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «እጄን ያዥልኝ። አደራሽን፣ እጄን ያዥልኝ።» አንድ ነገር ብረት ላይ ዷ ሲል ሰማ። ጋራዥ ውስጥ ምን የማይል ነገር አለ? ዓይኑን ሲገልጥ እህቱ መሬት ላይ ወድቃለች፤ ሾፌሩ ሆዷን በጫማው ሲረግጣት አየ።

ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ከጋራዡ ጥግ የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ መጣ። «አንተ ሰውዬ! ጸሎትህን እስክትጨርስ እኮ ቀብር ነው የምንሄደው!» ብሎ ጮኸበት።

ቡጢ እህቱን አያት። እሷ አላየችውም። መጣራቷን ትታ፣ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ይሄ አንጀቱን በላው።

ዘሎ መካከላቸው ገባ። ሾፌሩ መሬት ላይ የተጣለ የጎማ መፍቻ ብረት አነሳና ግራ ትከሻው ላይ አወረደበት፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ለራሱ ተሰማው። ብረቱ ተመልሶ መጣና አፉን አገኘው። ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። እንደገና ሲሰነዝርበት በደህና እጁ አየር ላይ ቀለበው፤ ጠምዝዞ አስጣለውና ሾፌሩን በደረቱ ሲሚንቶው ላይ ደፋው። ጀርባው ላይ በጉልበቱ ተጫነው።

«ወንድ ከሆንክ ግደለኝ!» አለ ሾፌሩ ከሥር። «ካልገደልከኝ ነገ እሷን እገድላታለሁ። ሰማህ፣ መነኩሴው?»

ቡጢ የሚሠራበት መዶሻ አጠገቡ ነበር። አነሳው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ ክፉኛ ፈልጎ ነበር። የሰውየው ማጅራት ከፊቱ ተዘርግቷል። መቁጠሪያው በግብግቡ ተበጥሶ ፍሬዎቹ የሞተር ዘይት ውስጥ ተበትነዋል፤ እጁን የሚይዝለት ነገር የለም። እህቱ በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች። አሁን ታየዋለች። ምታውም፣ አትምታውም አላለችም።

አንድ ጊዜ ቢመታው ይበቃል። ከዚያ እሱ ተመልሶ እስር ቤት፤ እሷስ? እሷ ማን አላት? ያን ጊዜ ግድግዳው ትዝም አላለው።

«ጋሼ!» አለ፣ መዶሻውን ወደ ኋላ እየዘረጋ። «ውሰድልኝ! ቶሎ ውሰድልኝ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ! ፖሊስም ጥራ!»

ፖሊስ እስኪመጣ ከላዩ አልወረደም። ሾፌሩ እጁን ነከሰው፤ በክርኑ የጎድን አጥንቱን ደጋግሞ ደሰቀው፤ እናቱን ከመቃብር አውጥቶ ሰደበለት። ቡጢ አለቀሰ እንጂ አልለቀቀውም።

ሾፌሩን በካቴና ከወሰዱት በኋላ ቀለም ቀቢው ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔውን አንስቶ መጣ።

«በል፣ ዛሬም አልመታህም። እጅህ ካልቻለ እኔ ላስምርልህ፤ ይቺማ ከሁሉም ትበልጣለች።»

ቡጢ የተሰበረ ትከሻውን ደግፎ ግድግዳውን አየው። ከሺህ በላይ ቀን። ከእነዚህ ውስጥ በስንቱ ነው እሷ ስትደበደብ የዋለችው? አፈረ።

«ተው ጋሼ፣ አስቀምጠው» አለ።

ሐኪም ቤት የእሱን ትከሻ አሰሩለት፤ የእሷን ቅንድብ በሰባት ስፌት ገጠሙላት። ከዚያ ከቀለም ቀቢው ጋር ሦስቱም ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቃል የሚቀበሉት ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቡጢን ይጠይቁት ጀመር።

«እሷ ስትደበደብ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው፣ አሥር እርምጃ ርቄ።»

«ወዲያው ገላገልክ?»

ቀለም ቀቢው በጉልበቱ ጎሸም አደረገው። «አዎ በላቸው» አለ በሹክሹክታ። «በዚህ ቁስልህ ላይ ራስህን ልትከስ ነው እንዴ?»

«አልገላገልኩም» አለ ቡጢ። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉን እየሰበረ ነው የሚያወጣው። «እየጸለይኩ ነበር። እሁድም ክንዷን አሳይታኝ፣ ቻይው ብዬ ወደዚህ ሰው የመለስኳት እኔ ነኝ። እሱንም ይጻፉልኝ።»

ሃምሳ አለቃው ብዕራቸውን አቆሙ። «ይሄ ለክሱ አያስፈልግም።»

«ለእሷ ያስፈልጋል ጌታዬ። ይጻፉት። ሦስት ጊዜ ሲመታት ቆሜ አይቻለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ትንሽ አመነቱና ጻፉ። እህቱ ጋራዥ ውስጥ «ወንድሜ» ካለችው ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችውም ነበር። አሁን በፋሻ ከተሸፈነው ዓይኗ ሥር ከንፈሯን እንደ ምንም አላቀቀች።

«አራት ነው» አለች። «ከመኪናው በር ጋር ሲያጋጨኝ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።»

ቡጢ እህቱን አየት አድርጎ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ።

«ሦስቱን ይሰርዙትና አራት ብለው ይጻፉ» አላቸው።