ካርቱም የደረሰች ቢስክሌት

«ከምነግርዎት ነገር አንዲቷ እንኳ ሐሰት ብትሆን፣ ሚካኤል እዚሁ ደጅዎ ላይ ለሁለት ይሰንጥቀኝ!» አለ ዘሩ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጣራው ዘርግቶ። ክረምቱ አባይን እንኳ ያሳፈረ ክረምት ነበርና፣ ከሚያፈሰው ጣራ አንድ ጠብታ መዳፉ ላይ አረፈች።

ዘሩ በመሐላ አይሰስትም። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ፣ ወዲህም በኋላ ፍኖተ ሰላም እስከተባለችው እስከ ወጀት ድረስ፣ እሱ ያልተዋጋበት ጦርነት፣ ያልገደለው ነብር አልነበረም፤ አፉን ካመኑት። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የመጣው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ለመርዶ ነበር። የእሜት እታለምን አንድ ልጅ፣ ክንዱ የሚባለውን፣ ጣሊያን «የአርበኛ ሰላይ ነህ» ብሎ ቡሬ ገበያ መሃል ሰቅሎታል። ሬሳው በማግሥቱ ከገመዱ ጠፍቷል። የማንኩሳ ሰው «ማን ይንገራቸው?» ሲባባል ከረመና አርባው ደረሰ፤ ነገ ነው። እናት ሳትረዳ አርባ አይወጣም፤ ልጁ ያለ ፍትሐት ሊቀር ነው።

ሽማግሌዎቹ ዘሩን የመረጡት አፈኛ ስለሆነ ነበር። ቄስ ገብረ ሕይወትና ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ካፊያው ላይ ቆመው፣ «እግዜር ያጽናዎት» የምትለዋን ቃል ይጠብቃሉ። ያቺን ከሰሙ እሪ ብለው ይገባሉ።

ቃሏን እያላመጠ ነበር የገባው። እሜት እታለም ግን በርጩማ አቀረቡለትና፣ «ዘሩ፣ አንተ አገር ላገር ትዞራለህ። ልጄን አላየኸውም ወይ?» አሉት።

ፊታቸውን አየ። ጉሮሮው ላይ የነበረችው ቃል ተመልሳ ወረደች። በምትኩ መሐላው ወጣ፤ ከመሐላው ጀርባ ደግሞ ቢስክሌት።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት እንጂ! ሱዳን ገብቷል! የጣሊያኑን መኮንን ቢስክሌት ከምሽጉ በር አስነሥቶ፣ ተኩሱ እንደ በረዶ ሲወርድበት፣ አንዲት ጥይት ሳትነካው በበላያ ተራራ በኩል ቁልቁል ለቀቀው።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን፣ እሜቴ! ቁልቁለቱ ላይ የገዛ ጥላው አልደረሰበትም። ቆላ ሲገባ አንበሳ ተነሣበት። ግማሽ ቀን ሮጦ ሮጦ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ከመንገድ ዳር የተቀመጠው አንበሳው ነው።»

«ምን እየበላ ሄደ?»

ዘሩ ክው አለ። አንበሳውን የሚያህል አንበሳ አቁሞ፣ እሳቸው የሚጠይቁት ስለ መብል!

«ሽምብራ ቆሎ። ኪሱ ሙሉ ነበር።»

«ጎማው አይፈነዳም ወይ?»

«መቶ ጊዜ ፈነዳ! ሣር ጠቀጠቀበትና ነዳ። ካርቱም ሲደርስ እንግሊዞቹ ጎማውን ቀደው ሣሩን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁለት።»

ከአጥሩ ውጭ ቄሱ ሳል አሉ። ቀጥሎም የጎረቤቷ የሀብትነሽ ሹክሹክታ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ። «በሞቴ፣ ይኼ ሰው ያረዳል ወይስ ያጫውታል?»

ዘሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። አሁን ቢያቆም ልጁ እዚሁ እፊታቸው ሊሞት ነው። ካርቱም ማቆየት ነበረበት። ማቆየት ብቻ ሳይሆን እንዲናገርም ማድረግ።

«ከመንገዱ የተማርሁትን ለእናቴ ንገርልኝ ብሎኛል» አለ። «ዳገት ላይ ጫፉን አላይም አለ፤ ከፊቴ ያለችውን ድንጋይ ብቻ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ አልዘፍንም፤ የወደቅሁት ሁሉ ስዘፍን ነው አለ። የሰው አገር ስገባ ከባለቤቱ በፊት ለውሻው ነው ሰላምታ የምሰጠው አለ።» የሚቀጥለው ከየት እንደ መጣበት እሱም አላወቀም። «ደግሞ… ብቻውን የሚሄድ ሰው ስሙን የሚጠራለት የለም። ስለዚህ ሲመሽ ሲመሽ፣ በእርስዎ ድምፅ አስመስዬ፣ ‹ክንዱ! ኧረ ክንዱ!› እያልሁ ራሴን እጠራለሁ አለ።»

ዓይኑ ረጠበ። ስንት ዓመት ሲያወራ የገዛ ወሬው አስለቅሶት አያውቅም ነበር። አንድ አፍታ ከልቡ አመነው፤ ልጁን አቧራ ለብሶ፣ አንድ እግሩን ከፔዳሉ አውርዶ ቆሞ አየው።

እሜት እታለም የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«ዘሩ» አሉ በኋላ፤ ድምፃቸው ከወትሮው አልወጣም፣ አልወረደም። «ልጄ ቢስክሌት መንዳት አያውቅም። ዳገቱ ላይ ለጣሊያኑ መኮንን ሲገፋለት ነው የኖረው። አንድ ቀን እንኳ አልወጣባትም።»

ዘሩ ከበርጩማው ሊነሣ ሲል በእጃቸው መልሰው አስቀመጡት።

«ከገመዱ ያወረድሁት እኔ ነኝ። በአህያ ጭኜ፣ ገለባ አልብሼ አመጣሁት። ለቅሶዬ ከተሰማ ጣሊያኖቹ ነገሩን ያውቁና ቆፍረው መልሰው ይሰቅሉታል ብዬ ዝም አልሁ፤ አንተንም የማላውቅ መስዬ ጠየቅሁህ። ከወንዙ ማዶ ካለችው ማሳዬ ላይ ነው ያለው። ጉብታው እንዳይለይ በዶማ አለስልሼ ጤፍ በተንሁበት።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ትናንት ሄጄ አየሁት፤ በቅሏል። ቄሱ ለፍትሐት ሲቆሙ ቡቃያውን እንዳይረግጡብኝ ንገራቸው።»