የሰርክ ፊርማ

ሰርክ የመጨረሻዋን ሴት ሥዕል ከወረቀቱ ላይ በመቀስ እየቆረጠች ነበር። የሥዕሏ ሴት ባርኔጣ ላባ ስላለው ዳርዳሩን ቀስ ብላ ትዞራለች። የልጇ የኤልያና የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የስኮትላንድ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲጠይቁ የሚያሳይ ትልቅ ካርቶን።

«ይቺኛዋ ምን አድርጋ ነው?»

«የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ቅጹን አልሞላም ያለች ናት» አለች ኤልያና። «መምረጥ ካልቻልኩ አትቁጠሩኝ ብላ።»

«ደፋር!»

ሰርክ ከአገር ቤት ወጥታ የምትኖርበትን አገር ዜግነት ያገኘችው በዚህ ዓመት ነው። ለከተማው ምክር ቤት የምትመርጣትን ሴትዮ አስቀድማ ወስናለች፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ጥላ እንዲሠራለት አደርጋለሁ ያለችውን። ሰርክ አሮጊት ለመንከባከብ ፓሳዴና ወዳለው ሥራዋ ስትሄድ በየቀኑ እዚያ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። የምርጫ ወረቀቱ ግን በፖስታ እስካሁን አልመጣም።

ኤልያና ሙጫ ስትፈልግ ከደብዳቤዎቹ መሃል አንዱን አነሳች። «ማሚ፣ ከምርጫ ቢሮ ነው።» ከፍታ አነበበችው። «ድምፅሽን የላክሽበት ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ይላል። ድምፅ የሰጠሽው አንቺ ከሆንሽ እዚህ ፈርመሽ መልሺ።»

መቀሱ ቆመ።

«እኔ? ወረቀቱ መች ደረሰኝና!»

ባሏ ዳኜ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ከገባ ገና አሥር ደቂቃው ነው። ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ደርሶ ነበር» አለ። «ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ስለዚህ ከራሴ ወረቀት ጋር ሞልቼ ላክሁት።»

«ማንን መረጥክ?»

«ሰውዬውን ነዋ! ፓርኪንጉን አስተካክላለሁ የሚለውን።»

ሰርክ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኤልያና አባቷን ዛሬ ገና እንዳየችው ሰው ታፈጥበታለች።

«በእኔ ስም ፈረምክ?»

«ምናለበት? አገር ቤትስ ቀበሌ ሄጄ ለቤቱ የምፈርመው እኔ አልነበርኩም?» ተነስቶ ተቀመጠ። «በይ አሁን ፈርሚውና ይለቅ። አለዚያ እኔን ነው የሚጠይቁት።»

«ከፈረመች እኮ እኔ ነኝ የመረጥኩት ማለቷ ነው፣ ዳዲ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ጠበቃ ሆንሽ?»

ሰርክ እስክሪብቶ አነሳች። ዳኜ እፎይ አለ። የስሟን ፊደላት ለዜግነቱ ማመልከቻ ስንት ቀን እንደተለማመደቻቸው እሱም ያውቃል፤ ጎኗ ተቀምጦ አይቷል። እስክሪብቶው መስመሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«በስሜ ለሰውዬው ከሚቆጠር፣ ምንም አይቆጠር።»

«እኔስ?»

«ከጠየቁህ ትነግራቸዋለህ። እኔንም ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«ማሚ፣ በዚህኛው ምርጫ ድምፅ አይኖርሽም ማለት እኮ ነው» አለች ኤልያና በቀስታ።

«ገብቶኛል።»

ዳኜ ጫማውን ያየው ጀመር። ሰርክ መቀሱን አንስታ የቀረውን ላባ ጨረሰች። ሴትዮዋን ሙጫ ቀብታ ካርቶኑ ላይ ለጠፈቻት፤ እስክትይዝ በመዳፏ ተጫነቻት። ከዚያ ካርቶኑን አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።