በስልሳ ፍጥነት የተነሳ ፎቶ

«ይሄ የማን መንገድ ነው?» አሉ አባቷ፣ ካሜራውን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው።

ፎቶ አንሺዋ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከማለዳ ጀምሮ መቆሚያውን ተክላ፣ በመንገዱ ዳር የተሰለፉትን ጽዶች አንድ በአንድ ስታነሳ ነው የዋለችው፤ በፎቶው ላይ የቅርፊታቸው ስንጥቅ ሳይቀር ይቆጠራል። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ዛፎቹ እየተቆረጡ ነው። የመጋዙ ጩኸት ከወዲያኛው ጫፍ ይሰማል። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዱት በዚህ መንገድ ነው። የጉልበት ሕመም ከመሪው ካወረዳቸው ወዲህ ግን ዝር ብለውበት አያውቁም። «ሳይጠፋ አንድ ፎቶ አስቀሪልኝ» ያሏትም ራሳቸው ናቸው።

«አባዬ፣ ያንተ መንገድ ነዋ! ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ቆሟል እንጂ።» ከመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «እኔ እኮ እነዚህን ዛፎች ሲሮጡ ነው የማውቃቸው።»

ኩርፊያ ቃጣት። ሰርግ በማንሳት የምትተዳደር ሴት ናት፤ ለሷ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ማለት የተቆጣ ሙሽራ ማለት ነው። ቢሆንም ካሜራውን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ዛፎቹ የሚሮጡ እንዲመስሉ መዝጊያው ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አደረገችና ቁልፉን ተጭና ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት አዞረችው።

የወጣው ፎቶ እርጥብ ጨርቅ የተጎተተበት ቀለም መሰለ። አባቷ ከት ብለው ሳቁ።

«ይሄማ አውቶቡስ መገልበጥ ነው!»

ደገመችው።

«አሁን ደግሞ ሃያ ላይ ነሽ። ጋሪ ነው የምትነጂው?»

«እሺ፣ ስንት ላይ ልሁን?»

«እዚህ ጋ ስልሳ ነው። ክንድሽን አታደንድኚው፤ ከወገብሽ ዙሪ። ለስለስ አድርገሽ፣ እንደ መሪ።»

ዞረች። ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላቸው ተቀምጣ፣ ጉንጯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ዛፎቹን ትቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ይምታታባታል። አሁን ስክሪኑን ስታይ ያው መምታታት መጣባት፤ ጽዶቹ አረንጓዴ ጅረት ሆነው ይፈሳሉ፣ በመሃላቸው ሰማዩ ብልጭ ይላል።

አንድ ቢጫ ጭረት ብቻ አበላሽቶባታል። ከቆራጮቹ አንዱ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ ውሃ ሊቀዳ ሲያልፍ ገብቶባት ነው። ልትሰርዘው ስትል አባቷ እጇን ያዙ።

«ተይው!» ድምፃቸው ተለውጧል። «ሻርፗን አየሽው? እናትሽ እኮ እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው። አውቶቡሱ ግጥም ስለሚል አላቆምላትም። ቢጫዋ ብቻ በመስኮት ሽው ትላለች። በማግስቱም ሽው። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ፍሬን ያዝኩ። ተሳፋሪው ስድቡን አወረደብኝ!»

እናቷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ይህን ታሪክ ግን ከሷም ከሳቸውም ሰምታው አታውቅም።

ሰውየው ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመለስ አየችው። «የሱ ሰደርያ እኮ ነው» ለማለት አፏን ከፈተች። አባቷ ግን ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው እየዳሰሱ ነበር።

ሁለት እርምጃ ተራምዳ በሳቸውና በሰውየው መሃል ቆመች፤ ሰደርያውን እንዳያዩት ቀሚሷን ዘርጋ አድርጋ ከለለችው።

«ታዲያ በሞላ አውቶቡስ እማዬ የት ተቀመጠች?» አለቻቸው።