የአውራ ጣት ስፋት

«መቀሱን አስቀምጪው!» አለች ዊልዳ በሩ ላይ እንደ ቆመች። በሁለት እጇ በአይብ የተጋገረ ድንች ታቅፋለች። «የወንድሜ ካናቴራ እኮ ነው! ገና ሳይቀበር?»

ኦርፋ ቀና አላለችም። የባሏን የላቨርንን ነጫጭ ካናቴራዎች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከምራ ትቆራርጣለች፤ እጅጌውን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ።

«ስፌቱ ይጭራል» አለች። «ስፌቱን እያወጣሁ ነው። እሱም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«ምኑን ነው የሚጭረው?»

«አውሮፕላኗን።»

ዊልዳ ድንቹን የምታሳርፍበት ቦታ ፈለገች፤ አጣች። ላቨርን ማክሰኞ ጠዋት ካረፈ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ሳህን ይዞ ነው የሚመጣው። በየሳህኑ ሥር የባለቤቲቱ ስም የተጻፈበት የወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል፤ ሳህኑ ወደ ቤቱ መመለሻ እንዳያጣ። ፍሪጁ ሞልቶ ምግቡ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ወጥቷል።

«ቅዳሜ ወዳጁ ክሌተስ በመቃብሩ በላይ ያበርራታል» አለች ኦርፋ። «ግራ ጎኗ መስተዋት ነው፤ ቀኝ ጎኗ ጭጋግ ለብሷል። ግማሽ ፊቷን ታጥባ ባሌ ቀብር ላይ አትወጣም። በቃ!»

ይህን ብላ ጨርቆቹን በቅርጫት አድርጋ በጓሮ በር ወጣች። ሳሎን ውስጥ የተሰበሰቡት ለቅሶ ደራሾች በመስኮት አይተዋት ተንሾካሾኩ። ሐዘንተኛዋ እንግዶቿን ጥላ በሣሩ ማኮብኮቢያ ወደ አውሮፕላኑ ቤት ትሄዳለች፣ ያውም በፍጥነት።

አውሮፕላኗ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ ናት። ገላዋ ቀለም ያልነካው አሉሚኒየም ነው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በየጎኗ አንድ ቀይ መስመር ይሮጣል። ላቨርን በየጸደዩ በእጁ ይወለውላት ነበር። ዘንድሮ ግራ ጎኗን ጨርሶ ትንሽ ልረፍ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ አንቀላፋ፤ በዚያው ቀረ።

ሲገዛት የዶሮዎች መኝታ ነበረች። አንድ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ጥሏት ክንፏ ላይ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። ላቨርን ያንን ሁሉ ኩስ አጥቦ ከጨረሰ በኋላ ወደ ከተማ ሄዶ የሱቅ ማስታወቂያ የምትጽፈውን ልጅ መስመር እንድትቀባለት ጠየቀ። ልጅቱ ኦርፋ ነበረች። ረጅም ፀጉር ያለው ብሩሿን ይዛ መጣችና ትንፋሿን ውጣ መስመሩን ጀመረች፤ እሱ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ ከጎን ከጎኗ እየተራመደ። በአውሮፕላኗ አፍንጫ በኩል ሲጀምሩ «እርስዎ» ይባባሉ ነበር። ጭራዋ ጋ ሲደርሱ «አንቺ» እና «አንተ» ሆነዋል። በመከሩ ማግስት ተጋቡ።

አንድ ነገር ግን ኦርፋን ዕድሜዋን ሙሉ ሲቆረቁራት ኖሯል። ላቨርን አውሮፕላኗን ወልውሎ ወልውሎ፣ ቀዩ መስመር ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከመስመሩ በላይና በታች የደበዘዘ ጠርዝ ይቀራል፤ አልጋ ሥር እንዳልተጠረገ ወለል።

«ላቨርን፣ የእኔ መስመር ምን በደለህ?» ትለዋለች።

«ጠርዝ ያደክመኛል» ይልና ያፏጫል።

እጁ ጠቁሮ፣ የግራ አውራ ጣቱ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል፤ ራት ይበላል። እሷም መጠየቁን ተወች። ግን ሁሉን እስኪያበራ የማያርፍ ሰው እሷ የሠራችው ጋ ሲደርስ ብቻ ሲሰለቸው፣ ምን ብላ ታስብ? ሥራዬን አይወደውም አለች በልቧ። እሱ ወንበሩ ላይ ካንቀላፋ ወዲህ ደግሞ ሐሳቡ ባሰባት፤ የምትጠይቀው ሰው የለማ።

የአውሮፕላኑ ቤት ውስጥ ክሌተስ ቀድሟት ኖሯል። ከላቨርን ጋር አንድ ሜዳ ላይ ሲበር ያረጀ፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«ነካኸኝ እንዳትዪኝ» አለ ለአውሮፕላኗ፣ ከዚያ ዞሮ ኦርፋን አየ። «አንቺም መጣሽ? እሱ ቢያየን በጥፊ ይለን ነበር።»

«ይምጣና ይበለን» አለች፤ ጨርቅ ወረወረችለት።

የመወልወያውን ቅባት፣ ፖሊሹን፣ ቀብተው ማሸት ጀመሩ። አሉሚኒየም ሲታሽ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ጨርቁን፣ እጅን፣ የነካኩትን አፍንጫ ሁሉ ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ ከሳሎን ሰው ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ፓስተሩ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ።

«ወደ ጎን አይሹ ፓስተር!» ጮኸ ክሌተስ። «በምትበርበት አቅጣጫ ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ! በክብ ካሹት ፀሐይ ላይ የድመት ጭረት ይመስላል።»

«ስብከት ላይ እንዲህ አልጮኽብህም» አሉ ፓስተሩ፣ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ።

ወሬው ወደ ላቨርን ዞረ። አንዱ፣ ላቨርን ነዳጅ አልቆበት በዊልዳ ባቄላ ማሳ ውስጥ ያረፈ ቀን የሆነውን አነሳ።

«ባቄላዬን ጨፍጭፎ ወረደ» አለች ዊልዳ በሩ ላይ ሆና፤ አልገባችም። «ወረደና፣ 'እህት ዓለም፣ ምሳ ደርሷል?' አለኝ።»

የቆርቆሮው ጣሪያ ሳቁን አስተጋባው። ዊልዳም አፏን ሸፈነች።

«ለቅሶ ላይ እንዲህ ይሳቃል?» አለች ቶሎ ብላ ፊቷን አጥቁራ። ከዚያ የታሸውን ጎን ጠጋ ብላ አየች። «ጭጋጉ አልለቀቀም። ዱቄት የለም?»

«ምን ዱቄት?»

«የኬክ ዱቄት ነዋ! ወንድሜ ከጓዳዬ የሚሰርቀው ለምን ነበር ታዲያ? ዱቄት ነስንሰህ በደረቅ ጨርቅ ካላሸኸው ቅባቱ አይለቅም።» ሄዳ ከወጥ ቤት ከነማሰሮው አመጣችው። እስኪመሽ ግማሹ ሰው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆነ፤ አውሮፕላኗ ግን የሰዉን ጥርስ እየቆጠረች ታሳይ ጀመረች።

ሲበተኑ ክሌተስ ወደኋላ ቀረ። ለወዳጁ አንድ ነገር ሊያደርግ ፈለገ፤ ያንን የደበዘዘ ጠርዝ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንኳ እስከ ቀለሙ ድረስ ሊያበራው። ፖሊሹ ቀለሙን እንዳይነካ፣ ዊልዳ ሳህን ላይ ስም የምትጽፍበትን የወረቀት ፕላስተር ከወጥ ቤት ወስዶ በቀዩ መስመር ላይ ከጭራዋ እስከ በሯ ለጠፈና አድሮ ሊጀምር ወደ ቤቱ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ኦርፋ ስትገባ ክሌተስ ጭራዋ ጋ ተንበርክኮ አገኘችው። እጁ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተንጠልጥሏል። ፕላስተሩ ላይ፣ የጥፍር ስፋት የምታህል ቀይ ቀለም ተጣብቃለች።

«ገደልኩት» አለ ክሌተስ። «ለቀለም ቀቢ የተሠራው ፕላስተር ቀስ ብሎ ይለቃል። ይሄ የሳህን ነው፤ አድሮ ነክሶ ያዘ። ኦርፋ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን እኔ በአንድ ሌሊት…» ድምፁ ተቆረጠ።

«ምኑን ነው የጠበቀው?»

ክሌተስ አያት። «አታውቂም?»

«ጠርዝ ያደክመኛል ነው የሚለኝ።»

«ውሸታም!» አለ ክሌተስ፤ እንባው ዐይኑ ውስጥ እያለ ሳቀ። «በየበጋው የአሮጌ አውሮፕላኖች የውበት ውድድር ላይ ዳኛው፣ 'እስከ ቀለሙ ድረስ ወልውላት፣ ዋንጫው ያንተ ነው' ይለዋል። ላቨርን፣ 'ፖሊሽ ቀለም ይበላል' ይላል። 'ታዲያ እንደገና ይቀባላ!' ሲለው ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? 'ይቺን የቀባችው ልጅ አሁን አርጅታለች፤ ያንን እጅ ከየት አመጣዋለሁ?'»

«አርጅታለች አለ?»

«አለ።»

«ይሄ መላጣ!» አለች ኦርፋ። ሳቋ ሆዷን አስያዛት፤ ሳቁ አልቆም ብሏት አውሮፕላኗን ተደገፈች። «ለምን አልነገረኝም ታዲያ?»

«'ቀለምሽ ስስ ነው' ያልኳት ይመስላታል፣ አለ። አስምሎኝ እኮ ነው። አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ ያጋድማል፣ እስከዚያ ድረስ ያሻል፣ ያቆማል።»

ኦርፋ ሳቋን አቆመች። ዞራ ወደ ግራው ጎን ሄደች፤ እሱ ወደ ጨረሰው። የግራ አውራ ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አጋደመች። የእሱ ጣት ከእሷ ሰፋ ያለ ነበርና ከላይና ከታች የደበዘዘው ጠርዝ ትንሽ ተረፈ። በዚያ ንጹሕ አውራ ጣት ስንት ዓመት ራት በልቷል!

ሰዉ መጥቶ ሲሰበሰብ፣ የቀረውን ፕላስተር በዊልዳ የፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ በቀስታ ላጡት፤ ሌላ ቀለም አልተነሳም። የተላጠችውን ግን በምን ይሙሏት? የማስታወቂያ ቀለሟ ከደረቀ ዘመን አልፏል። ዊልዳ ቦርሳዋን ከፈተችና ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች።

ሰዉ ሁሉ የዊልዳን ጥቁር ቀሚስ፣ የዊልዳን ባዶ ጥፍር አየ።

«የእግሬ ነው» አለች ዊልዳ። «አንድ ሰው ቢተነፍስ ወዮለት።»

ማንም አልተነፈሰም፤ ፓስተሩ ብቻ ወደ ውጭ ወጥተው ሲስቁ ተሰሙ። ኦርፋ ትንፋሿን ዋጠች። ብሩሿን አሉሚኒየሙ ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ ሳበችው። ክሌተስ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞላት ነበር፣ ቆርቆሮ ከተባለ፤ የአውራ ጣት ያህል ጠርሙስ።

ከዚያ ሁሉም ቀኝ ጎኗን ሊጨርስ ጨርቅ አነሳ። ኦርፋ መስመሩን ለማንም አልሰጠችም። ግራ አውራ ጣቷን ቀዩ ላይ አጋድማ፣ በቀኟ እያሸች፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ዊልዳ ሳሙና ይዛ መጣች። «እጅሽን አምጪ። እንዲህ ሆነሽ ቤተ ክርስቲያን ልትገቢ?»

«ተዪው።»

«አውራ ጣትሽ ብቻ ነው እኮ የነጻው!»

«አውቃለሁ» አለች ኦርፋ፤ ኮቷን ደረበች።

መቃብሩ ዙሪያ በቆሎው ገና ጉልበት ይደርሳል። ፓስተሩ ጸሎቱን አሳርገው ሳይጨርሱ የአውሮፕላኗ ድምፅ ተሰማ። ክሌተስ ከበቆሎው ማዶ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ፀሐይ ቀኝ ጎኗን ስታገኘው ሰዉ በአንድ ላይ «አቤት!» አለ፤ ያጨበጨበም፣ ያለቀሰም ነበር። ጥቁሩ ያልለቀቃቸው እጆች ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ። ዊልዳ በሁለት እጇ እያውለበለበች፣ «ላቨርን! ምሳ ደርሷል!» ብላ ጮኸች።

ኦርፋ አንድ ዐይኗን ጨፈነች። ጥቁር እጇን ዘረጋችና ንጹሕ አውራ ጣቷን ሰማይ ላይ አጋደመች፤ በቀዩ መስመር ላይ፣ ከበቆሎው ማዶ እስኪሰወር ድረስ።