በኦስሚን አልጋ ላይ

በእኛ ቤት ህልም ሳይነገር ቁርስ አይቀርብም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እናቴም እናቷም እንዲሁ አድርገው ነው ያሳደጉን። ከተማችን ሼላ ጠዋት ጠዋት በጉም ትሸፈናለች። ጉሙ ከሳንታ ማሪያ ተራራ ወርዶ ግቢ ይገባል፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ይተኛል፣ አንዳንዴም ወጥ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ሰው በዚያ ሰዓት ተነሳ ይባላል እንጂ ግማሽ አካሉ ገና ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። እናም አደንጓሬው እስኪሞቅ ድረስ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ይፈታለታል። ዓሣ ያየ እንግዳ ይመጣበታል። ጥርሱ የወለቀበት ደግሞ ባይናገር ይሻለዋል።

ስፓኒሽ ሊማሩ ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎችን ቤቴ ማሳደር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደው ከአስተማሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ያረፍዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚህ መጥተው ከእኔ ጋር ያወራሉ። ልጄ ኒኔት እዚያው አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ስለ እኔ "ዶኛ ኤርሊንዳ ተማሪ ትወዳለች" ይላል። ጎረቤቱ "ብቸኝነቱ ከብዷት ነው" ይላል። ሁለቱም አላወቁም። እኔ ተማሪ የማሳድረው በልጄ በኦስሚን አልጋ ላይ ሰው እንዲተኛልኝ ብዬ ነው።

ኦስሚን በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተሰደደ። መጨረሻ የደወለው ከድንበር ከተማ ነበር። "እማ፣ ነገ በረሃውን እንሻገራለን፣ ስደርስ እደውላለሁ፣ ስልኩን በወሬ እንዳትይዢው" አለኝ። አልያዝኩትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኩን ማንም እንዲይዘው አልፈቀድኩም። ሬሳ አልመጣ፣ መርዶ አልመጣ፣ አየሁት የሚል ሰው አልመጣ።

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አልጋውን ፈልጎ ይመጣል። እዚያ አልጋ ላይ ለተኛው በህልሙ ይታየዋል፣ ውሃም ይጠይቀዋል፤ ሙታን ይጠማቸዋል። ስለዚህ ሰው አስተኛሁ። እኔ ራሴ ልተኛበት ፈራሁ። አንድ ጠዋት ተነስቼ መርዶዬን ለራሴ ባረዳስ? እንግዳ ይተኛ፣ ልጄን የማያውቅ ይተኛ ብዬ ፎቶውን ሳይቀር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ፊቱን አይተው ካለሙት ምን ዋጋ አለው!

ሃያ ሦስት ሰው ተኝቶበታል። ጀርመናዊቷ ዋና ስትዋኝ አደረች። ካናዳዊው ልጅ ውሻው አውቶቡስ ሲነዳ አየ። ጃፓናዊው ሦስት ሌሊት ሙሉ ያንኑ ፈተና ሲፈተን ከርሞ አሳዘነኝ። ሁሉንም ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ፤ ሰምቼ ስጨርስ በሆዴ "ዛሬም ልጄ አልሞተም" እልና ሳህኑን አቀርባለሁ። ስድስት ዓመት የኖርኩት በዚህች ነው።

ቬይኮ የመጣው በጥር ብርድ ነው። ፊንላንዳዊ ነው፤ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አርባ ዓመት ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል። ቅንድቡ ነጭ ነው። በገዛ ቋንቋው እንኳ የማያወራ ሰው ሌላ ቋንቋ ሊማር ባሕር ተሻግሮ መምጣቱ ግርም አለኝ።

"እማ፣ ዝም የሚልበት ተጨማሪ ቋንቋ ፈልጎ ነው" አለችኝ ኒኔት።

ለምን ስፓኒሽ ሊማሩ ፈለጉ ብዬ ስጠይቀው "ባለቤቴ ልትማር ነበር፣ ሞተች፣ መጽሐፉ ቤት ቀረ" አለኝ። ይህን ለመናገር ግማሽ ምሳ ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልነዘነዝኩትም። ጠዋት ላይ ግን ሕግ ሕግ ነው።

"ደህና አደሩ ቬይኮ? ምን አዩ?"

"የት?"

"በህልምዎ ነዋ!"

"እኔ ህልም የለም።"

"ህልም የሌለው ሰው የታለ? ረስተውት ነው።"

"የለም" አለ፣ ዓይኑን ዳቦው ላይ ተክሎ።

"ተዪው እማ" አለች ኒኔት፣ "ባቡር እየነዳ እንዳያልም መሥሪያ ቤቱ ከልክሎት ይሆናል።"

ሳቅን። እሱም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ግን በማግስቱም የለም፣ በሳምንቱም የለም።  አልጋውን አባከነብኝ! ስንት ተማሪ ሊያልምበት በሚችልበት አልጋ ላይ ይህ ሰው ዝም ብሎ እንደ ግንድ ይጋደማል። ነገሩ ስላናደደኝ "ህልም ላላየ ሰው ክሬም የለም" ብዬ አደንጓሬውን ደረቁን አቀረብኩለት። ያለ አንዲት ቃል በላው። በማግስቱም እንዲሁ። ኒኔት "እማ፣ ያሳፍራል፣ ሽማግሌ ሰው እኮ ነው" ብትለኝም አልሰማኋትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን ገና ሳይቀመጥ "ዛሬ አየሁ" አለ።

ጉሙ ያን ቀን መስኮቱን ዘግቶት ነበር። ቬይኮ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጣቱን አንድ አንድ እያጠፈ፣ ቃል ከቃል እየለየ ተናገረ። "አንድ ወጣት ወንድ መጣ። ነጭ ሸሚዝ። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጫማ አወለቀ። ጫማው አቧራ ነው። 'ጠማኝ' አለ። 'ውሃ አለ ወይ?' አለ። እኔ 'ወጥ ቤት አለ' አልኩ። እሱ ሄደ።"

የበቆሎ ቂጣው፣ ቶርቲያው፣ ምድጃው ላይ አረረ። ኒኔት ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ግን እሷን አላየኋትም።

"ጠጣ?" አልኩት።

"አላውቅም።"

"ፊቱስ? ፊቱ እንዴት ነበር?"

ቬይኮ ብዙ አሰበ። "ደህና ፊት" አለ።

ደህና ፊት። ያረረውን ቶርቲያ አነሳሁት፣ የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም። ክሬሙን ከነዕቃው ፊቱ አስቀመጥኩለትና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጋደም አልኩ። እንቅልፍ እንዲህ ሲወስደኝ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን፣ አፌን ከፍቼ፣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ እስክትዘቀዝቅ ተኛሁ። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ጆሮዬ ስልኩ ጋ አለመሆኑ ነው። ደስታ ልለው አልችልም። ሐዘንም አልነበረም። ቁርጤን አወቅሁ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ መንገዱ፣ ሰው፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ፤ በሌላ ሰው ህልም ውስጥ የምሄድ ይመስል ቀስ ብዬ እየረገጥኩ ጸሎት መሪዋ ዶኛ ክሎቲልዴ ዘንድ ደረስኩ።

"እርሜን ላወጣ ነው" አልኳት። "ዘጠኙን ቀን ጸልዪልኝ።"

አማተበች። "ተመስገን! እኔማ ይህቺ ሴትዮ ልጇን መንገድ ላይ አስቀርታ ልትሞት ነው ስል ነበር።"

ክሎቲልዴ ምላሷ እንዲህ ነው፤ ልቧ ግን ደህና ነው። በማግስቱ ማለዳ መጥታ ከሳሎኑ ወለል ላይ በሰጋቱራና በጥድ ቅጠል መስቀል ሠራችልኝ። መስቀሉ ስምንት ቀን ይሰነብትና በዘጠነኛው ይነሳል፤ ሟቹ የሚሰናበተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አይጠበቅም። ፎቶውን ከሳጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ።

ቬይኮ ከትምህርት ቤት ከኒኔት ጋር ገባ። ወንበሮቹን አየ፣ መስቀሉን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ጠየቃት። እሷም ስለ ወንድሟ፣ ስለ አልጋው፣ ሙታን ውሃ ስለ መጠየቃቸው ሁሉንም ነገረችው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድምጿን እሰማለሁ። የእሱን ድምፅ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ።

"ዶኛ ኤርሊንዳ። እኔ ውሸት።"

"ምን አሉኝ?"

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የኒኔት የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የሳምንቱ ትምህርት ነው። ሸሚዝ፣ ጫማ፣ አቧራ፣ አልጋ፣ መጠማት፣ ውሃ፣ ወጥ ቤት። ሁሉም በተራ ተጽፈዋል።

"ወጣት የለም። ህልም የለም። እርስዎ በየጠዋቱ ይጠይቃሉ። እኔ 'የለም' ስል ፊትዎ ደስ ይለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ያዝናል። እኔ አንድ ነገር ልሰጥ ፈለግሁ። ይቅርታ።"

ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩ። እሱም ያን ሁሉ ሳምንት ያልተናገረውን ያን ጊዜ ተናገረው። "ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመት። እኛ በአንድ አልጋ ሠላሳ ዓመት። እኔ እዚያ አልጋ ላይ በየማታው እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አልመጣችም። አንድ ቀን! እኔ 'ህልም የለም' ያልኩት ለዚህ ነው።"

ይህ ነው የገደለኝ። እሷ ሞታለች፣ በዓይኑ አይቶ ቀብሯታል፣ ግን አልመጣችም። እንግዲያ ሃያ ሦስት ሰው ኦስሚንን ሳያይ ማደሩ ምን ይነግረኛል? ምንም። በየጠዋቱ "ዛሬም አልሞተም" ያልኩት ሁሉ ባዶ ሳህን ሆነ። ሞቱንም ወሰደብኝ፣ ሕይወቱንም ወሰደብኝ።

"አንተ ሰውዬ!" አልኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ነበር የምለው። "ትናንት ልጄን ገደልክብኝ፣ ዛሬ ደግሞ መልሰህ አስነሳህብኝ! ምነው ውሸትህን ይዘህ አርፈህ ብትቀመጥ? ተኝቼ ነበር እኮ! በስድስት ዓመት አንድ ቀን ተኝቼ ነበር!"

መዋሸቱ አይደለም ያቃጠለኝ። እውነቱን መናገሩ ነው። እንዲህ ብሎ መናገር ያሳፍራል፣ ግን እንደዚያ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶች ጥቁር ነጠላ ጣል አድርገው ደጅ ላይ ተሰልፈዋል፣ ክሎቲልዴ መቁጠሪያዋን ይዛ ከፊት ቆማለች። ኒኔት ወደ እኔ ሮጣ መጣች።

"እማ፣ ልመልሳቸው?"

ፎቶውን አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጄ አንድ ሰው እንኳ ጮክ ብሎ አልጸለየም። እንደ ሙት እንዳይጸለይለት አልሞተም ብዬ ከለከልኩ፤ እንደ ሕያው እንዳይጸለይለት የት እንዳለ አላውቅም። ስሙ ከዚህ ቤት ግድግዳ ውጭ አልወጣም።

"ይግቡ" አልኳት።

ገቡ። ክሎቲልዴ ስሙን ጠርታ ጀመረች፣ ሰው ሁሉ እመቤታችንን "ለምኚለት" እያለ ተቀበላት። ቬይኮ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ የእሱ "ለምኚለት" ብቻውን ዘግይቶ ይመጣል፣ ባቡር አምልጦት ጣቢያ እንደቀረ ሰው። ልስቅ ነበር፣ ግን ገና አኩርፌዋለሁ።

በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም መጣ። አራተኛው ቀን ላይ ኩርፊያው ደከመኝና ቁርሱን ምንም ሳልጠይቀው አቀረብኩለት። "አመሰግናለሁ" አለኝ። "ብላ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ አንተ ሆኖ ቀረ። ከሰዓት በኋላው እንደ ጉም ነበር፤ አንዱ ቀን ከሌላው አይለይም፤ መቁጠሪያው ይዞራል፣ የጥዱ ሽታ ይከብዳል፣ የኦስሚን ስም ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፣ እኔም ከሰው መሐል ተቀምጬ የማን እናት እንደሆንኩ፣ የሞተ ወይስ የቆመ፣ ሳላውቅ እወዛወዛለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጸሎቱ እንዳለቀ ክሎቲልዴ ጉልበቷን እያሸች ተነሳች።

"በይ ኤርሊንዳ፣ ነገ ዘጠነኛው ነው። መስቀሉን እናነሳለን። ለእንግዳው የሚቀርበውን ታማሌ ለስንት ሰው አሰብሽ?"

"ነገ አትምጡ" አልኳት።

"ምን?"

"ስምንቱ ይበቃኛል። ዘጠነኛው ይቆይ።"

"እስከ መቼ?"

"መርዶው እስኪመጣ። ወይ ራሱ እስኪመጣ።"

 ክሎቲልዴ ፊቷ ቀላ። "አንቺ ሴት ምን ነካሽ? ስምንት ቀን የሚባል ጸሎት የት ታውቂያለሽ? እንዲህ ተጀምራ የተተወች ነፍስ እኮ እዚህም እዚያም የለችም! መንገድ ላይ ነው የምትቀረው!"

"ታዲያ መንገድ ላይ አይደል እንዴ ያለው?" አልኳት። "እስካሁን አንዱ ሞቷል ይለኛል፣ አንዱ ሀብታም ሆኖ ረስቶሽ ነው ይለኛል። ልጄ ያለበትን በትክክል የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

 ክሎቲልዴ መቁጠሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንደገና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተነስቶ አልሄደም።  ስድስት ዓመት ሙሉ ሟርት እንዳይሆንበት ብዬ አንዲት ዘለላ እንባ ያላፈሰስኩለትን ልጄን፣ እዚያው መስቀሉ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩት። ክሎቲልዴ ከወንበሯ ወርዳ ትከሻዬን ያዘችኝ። ተይ ያለኝ አልነበረም።