የበሩ ምስክር

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናዋ እንዲህ ነበረች፦ አራት ጎማዋ ተገጥሟል፣ ሞተሯ ታጥቦ ገብቷል፣ ወንበሮቿ ተሰፍተው አልቀዋል። ከስልሳ ዓመት በፊት የተሠራች ባለሁለት ወንበር የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ ቀለሟ ነጭ። ገላዋን የቀባሁት አምና ነው። የግራ በሯ ተጭሮብኝ ስለነበር ያለፈው ሐሙስ እንደገና ቀባሁት። ከአሮጌ መኪናዎች ማኅበር የሚላከው ዳኛ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ዳኛው በውበት አይፈርድም። የሚፈልገው መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን የነበራትን መልክ ነው። ከዚያ ካነሰች ነጥብ ይቀንሳል፤ ከዚያ ካማረችም ይቀንሳል። ስለዚህ የፋብሪካው ሠራተኛ ከቀኙ በር ሥር ጠብ አድርጎ የተዋትን አራት ሚሊ ሜትር የቀለም እንባ እንኳ በቦታዋ መልሻታለሁ። «ፋብሪካው ያልደከመበትን አትድከምበት» ይል ነበር ሥራውን ያስተማረን አባታችን።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። የዚህችን መኪና ነጭ የሚያውቅ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ በግራው በር ፍሬም ላይ፣ ከላስቲኩ ሥር፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ ሁለት ጣት የሚሆን ያልተነካ ቀለም። ምስክር እንለዋለን። ቀለም ስቀላቅል ከምስክሩ ጋር በዓይኔ አስተያያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሠርቻለሁ።

ወንበሮቹን የሰፋችው ታላቅ እህቴ የተረፈ ክር ልትቆርጥ ገብታ በሩ አጠገብ ቆም አለች።

«ማሙሽ» አለችኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለእሷ ግን ገና ማሙሽ ነኝ። «ይሄን በር በምን ቀባኸው? በቅቤ?»

«ቀልድሽን ተይኝ፣ እታለም።»

«ቀልድ አይደለም እኮ። ገላዋ ነጭ፣ በሩ ቢጫ።»

አየሁ። ለእኔ በሩም ገላዋም አንድ ነጭ ነበሩ። ላስቲኩን ገልጬ ምስክሩን አየሁ። እሱም አንድ ነበር። 

አባታችን በመጨረሻ ዘመኑ የጎረቤትን ሰማያዊ መኪና አረንጓዴ ቀብቶ አስረከበ። ማንም አልነገረውም። ሰዎች ከኋላው ሲስቁ ዞር እያለ «ምነው?» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሰጠው የለም። ያን ጊዜ ስልሳ አልሞላውም።

«ፈትኚኝ» አልኳት።

ሁለት የቆርቆሮ ናሙናዎች ነበሩኝ፤ አንዱ በአምናው ቀለም፣ ሌላው በሐሙሱ የተቀባ። ከጀርባዋ እያቀያየረች አንዱን ታወጣለች፤ እኔ «የአምና» ወይም «የሐሙስ» እላለሁ። ሃያ ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ሳገኘው «ጎሽ!» ትል ነበር። ወደ መጨረሻው ዝም አለች።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው አሥር ያገኛል። የልብ ምቴን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ መቶ አሥራ ሁለት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። እህቴ መጋረጃውን ዘጋችና ያቺን የጥንት ቢጫ አምፖል አበራች።

«አሁን አንድ ሆኑ» አለች በሹክሹክታ። «በዚህ መብራት እኔም አልለያቸውም። ዝም በል። ለራስህ ባታስብ ለእኔ አስብ፤ አባባን ያደረጉትን ሁለተኛ ማየት አልችልም።»

እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ግን አባባም የተዋረደው ሁሉም ዝም ስላለው ነበር።

ዳኛው ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። አጉሊ መነጽር ከአንገቱ ስለማይጠፋ «ማጉያ» ነው የምንለው።

«ሙሽራይቱ የታለች? ምነው በጨለማ?» እያለ በቀኝ በኩል ጎንበስ አለ። «እሰይ! ይቺን እንባ ማን አለቀሰልህ? ልክ በቦታዋ!» ብሎ ሳቀ።

መሳቅ አቃተኝ። እሱ ወደ ግራው በር ከመዞሩ በፊት ሄጄ መጋረጃውን ከፈትኩ። እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ የግራው በር ስህተት ነው። ለእኔ አይታየኝም፤ የነገረችኝ እህቴ ናት።»

ማጉያ ሳቁን አቆመ። መጀመሪያ ያየው እኔን እንጂ በሩን አልነበረም። ሰዎች አባቴን ያዩበት የነበረው ፊት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከቦርሳው የቀለም መለኪያ አውጥቶ አንዴ ምስክሩ ላይ፣ አንዴ በሩ ላይ አሳረፈው።

«ሁለት ነጥብ ስድስት» አለ። «ልዩነቱ ከአንድ ከበለጠ አላሳልፍም። ሦስት ሳምንት እሰጥሃለሁ።» መውጫው ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ዓይንህን ተመርመር። እኔስ ይሄን መሣሪያ የገዛሁት ወድጄ መሰለህ?»

ሐኪሙ የሁለቱም ዓይኔ ሌንስ ደፍርሷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አለኝ። ገና ቀን አልቆረጥኩም፤ የሐኪሙ ቢላ ያስፈራኛል።

በሩን ግን ፍቀን እንደገና ቀባነው። እኔ ጠብታ እጨምራለሁ፤ እህቴ ምስክሩ ላይ ተደፍታ «ትንሽ ሰማያዊ… አይ፣ በዛ! ነጭ መልስበት… እሱን ተወው፣ በቃ» ትላለች። ለእኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው አንድ ነጭ ነበር። የማላየውን ቀለም በእሷ ቃል ብቻ ረጨሁ።

ማጉያ በሃያ አንደኛው ቀን መጥቶ ለካ። በበሩና በምስክሩ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ ነጥብ አራት ነበር።